የባልቴቶቹ ባሕር በቤተ መጻሕፍት

ሱንዶክ በኮሪያዋ የጄጁ ደሴት ባሕር እየጠለቀች ቀንድ አውጣ ስትለቅም ኖራ ሰባ ሦስት ዓመቷን ደፍናለች። ምላሷም ቀንድ አውጣውን ከዓለት ከምትፈነቅልበት ብረት አይተናነስም።

ዘንድሮ ግን የሚያንገበግብ ነገር ገጠማት። ከዋና ከተማዋ ከሴኡል የመጣ አስጎብኚ፣ ጃፓን አገሩን በገዛችበት ዘመን የነበሩት ጠላቂዎች እያለቀሱ ለጃፓኖች ይገዙ ነበር ብሎ ለፈረንጅ ጎብኚዎች በእንግሊዝኛ አወራ። የሱንዶክ እናት ያኔ መኮትኮቻ ይዘው የጃፓን ሹሞችን ከተጋፈጡት ጠላቂዎች አንዷ ነበረች። የመንደሩ ሹም በሚቀጥለው ጉብኝት ወይ ራሷ በእንግሊዝኛ እንድትናገር፣ ወይ ለአስጎብኚው እንድትተው ነገራት።

ሦስት ዓመት የማታ ትምህርት ተምራ እንግሊዝኛ ጥቂት ስለምታነብ፣ ስለዚያ ዘመን የሚያወራ መጽሐፍ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ኃላፊዋ ዬሪን ሁለት የእንግሊዝኛ የታሪክ መጽሐፍ አወጣችላት። አንዱ ትራስ የሚያህል፣ ገና ከመጀመሪያው መስመር የሚያባርር ነው። ሌላው የሕፃናት ሲሆን፣ በእሱ ቤት እስያ ማለት ዘንዶና የሩዝ ማሳ ብቻ ነው። ሱንዶክ በሁለቱ መካከል ያለ መጽሐፍ እንዲገዛ ሁለት ጊዜ የግዢ ቅጽ ሞልታ ብትጠይቅ፣ ከዋናው ቢሮ «ደረጃው ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ተመለሰባት። ጓደኞቿ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ቀለዱባት። እሷ ግን ሦስተኛውን ቅጽ ይዛ ወደ ዬሪን ተመለሰች።

«ልጄ፣ እናትሽ ጠላቂ ነበረች። ዳር ዳሩን፣ ጥልቅ ያልሆነውን ባሕር ለማን ነው የምንተወው?»

«ትንፋሻቸው ላጠረ ባልቴቶች።»

«ባሕሩ የናንተ አይደለም የሚላቸው አለ?»

«ኧረ የለም፣ እማማ።»

«የኔም የእንግሊዝኛ ትንፋሽ አጭር ነው። ታሪኩ ግን የእናቴ ነው። እዚህ ቤት ዳር ዳሩ የታለ?»

ዬሪን አፈረች። ቅጹን ራሷ ሞልታ፣ ፈርማ ላከችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስድስት መጻሕፍት መጡ። ቀላሉን ከከባዱ ማን ይለያል ሲባል ሱንዶክ እኔ አለች። አየር ስባ አንድ ገጽ በአንድ ትንፋሽ ታነባለች፤ መሀል ላይ ትንፋሽ ካጠራት መጽሐፉ ለጎረምሶች ይተዋል። አምስቱ ወደቁ። ስድስተኛው፣ ስለ ኮሪያ፣ ስለ ቻይናና ስለ ጃፓን የሚያወራው ቀጭኑ፣ እስከ ገጹ ታች አደረሳት። ስለ ጠላቂዎቹ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም።

በጉብኝቱ ቀን ከቀጭኑ መጽሐፍ ስለ ጃፓን ዘመን የሚያወራውን ገጽ ለእንግዶቹ አነበበችና ዘጋችው። አስጎብኚው ሊቀጥል አፉን ሲከፍት እጇን አነሳችበት።

«ቆይ፣ ትንፋሼን አልጨረስኩም» አለችው።

ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞራ በእንግሊዝኛ ተናገረች። «እናቴ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የለችም። መኮትኮቻ ይዛ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም።»