የፕሮፌሰሩ አበልጆች

የባሌን ቤት ልጆች ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ክርስትና የሚያነሳው የፕሮፌሰር አርሴኒዬ ቤት ነው። ከዚያ ቤት ዛሬ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አሜሪካ ሄደው የኤሌክትሪክ ሊቅ ሆነዋል። ፎቷቸው በትምህርት ቤታችን ከንጉሡ ቀጥሎ ተሰቅሏል። እኛም በሞራቫ ወንዝ ዳር ሁሉ “የፕሮፌሰሩ አበልጆች” እንባላለን። ባሌ ራዶይኮ ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል።

በኛ ዘንድ ስም የሚያወጣው የክርስትና አባት ነው፤ እናት አትጠየቅም። የበኩር ልጄ ስም በቴሌግራም መጣ፤ በፕሮፌሰሩ ምትክ ሌላ ሰው ቆሞ ተጠመቀ፤ በስድስት ሳምንቱ ሞተ። የሁለተኛዋም ስም በቴሌግራም መጣ። እሷን ጥርስ ሳታወጣ ቀበርኳት።

ልጅ የማይበረክትለት ቤት አበልጅ ይለውጣል። ሕፃኑ ሳይጠመቅ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይወጣል፤ መጀመሪያ ያለፈ ሰው ክርስትና ያነሳዋል። እምቢ ማለት ኃጢአት ነው። የቀድሞው አበልጅ ግን መፍቀድ አለበት።

ሦስተኛውን ሳረግዝ አማቴ ክሩኒያ ነገሩን አነሱት።

“ራዶይኮ፣ ይሄኛውን መንገድ ላይ እናውጣው።”

“እማዬ፣ ዓለም ያወቀውን ሰው በመንገደኛ ልለውጥ? ሰው ምን ይለኛል?”

“ሰውማ ሁለቴ ቀብር መጥቶ ያለውን ብሏል።”

እኔ ማንበብም መጻፍም አልችልም። መምህሩን ለምኜ ለፕሮፌሰሩ ደብዳቤ አስጻፍኩ፤ “ከአበልጅነቱ ይፍቱን” አልኳቸው። መልሱ የመጣው ወንድ ልጅ በወለድኩ በአሥረኛው ቀን ነው። መምህሩ አነበበልኝ።

“አበልጄ ስታመና ሆይ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። ነገር ግን ልጆችሽን የወሰደው በሽታ እንጂ አበልጅ አይደለም። እንዲህ ያለ የጨለማ ዘመን እምነት በኔ ፈቃድ አይቀጥልም። ውኃ እያፈላሽ ተጠቀሚ። ወንድ ከሆነ ስሙ ስቬቶዛር ይሁን።”

ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው እጄን ያሰረው። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ባሌ ደግሞ ደብዳቤውን ይዞ ወፍጮ ቤቱን፣ አረቄ ቤቱን አዳረሰ።

በማግስቱ ማለዳ ልጁን ታቅፌ ወጣሁና መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ ጋቢዬ ላይ አስተኛሁት። ፈቃድ ባይኖርም እግዚአብሔር ያውቅልኛል ብዬ ነው። መጀመሪያ የመጣው ጋሪ ሠሪው ግቮዝደን ነበር። ከሩቅ ሲያየኝ ቆመ።

“ስታመና፣ አታድርጊው።”

“እለፍና አንሳው። አንድ ጊዜ ብቻ አንሳው።”

“የፕሮፌሰሩን የክርስትና ልጅ? እኔ? ስሜን በጣቴ የምፈርም ሰው?”

“ለልጁ ፊርማ አያስፈልገውም።”

“ኃጢአቱ እንዳይሆንብኝ አላለፍኩም” አለና በመጣበት ተመለሰ። ወደ ገበያ ይሄድ ነበር፤ ገበያውን ተወው።

ከዚያ በኋላ ወሬው ቀደመኝ። ዶሮ የያዘች ባልቴት በፕሪሙ ዛፎች መሀል ታጠፈች። እረኛው በጎቹን በበቆሎው ማሳ ውስጥ ነዳ፤ ባለማሳው እያየ ዝም አለው። የበቆሎ አገዳ ለሰበረ በግ ሰው የሚፈነክት ሰው ነው። ሁሉም ወዳጆቼ ናቸው፤ ሁሉም አዘኑልኝ፤ ማንም ግን አላለፈም። ልጁ ሲርበው አጠባሁት፤ መልሼ አስተኛሁት። መንገዱ እንደዚያን ቀን ጭር ብሎ አያውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ራዶይኮ መጣ።

“ነይ፣ እንግባ። አዋረድሽኝ።”

“አንተ እለፍ።”

“አባት አይቆጠርም፣ ታውቂያለሽ።” ጎንበስ ብሎ ልጁን አነሳው።

እሑድ ተጠመቀ። ምትኩ ሰውዬ ታቀፈው፤ መምህሩ ስሙን ከደብዳቤው ላይ አነበበ፤ ቄሱ “ስቬቶዛር” አሉ። ሰዎች እንኳን ደስ አላችሁ አሉን። ግቮዝደን አጥር ጥግ ቆሞ ነበር፤ ዓይኔን አላየኝም።

ውኃውን እንደታዘዝኩት አፈላለሁ። ጨርቁን በፈላ ውኃ፣ እጄን በፈላ ውኃ። ፕሮፌሰሩ እውነታቸውን ይሆናል፤ እውነታቸውን እንዲሆን እየለመንኩ ነው የማፈላው።

ዛሬ ጠዋት ልጁ ጡት አልይዝ አለ። ግንባሩ ይፋጃል። አማቴ ጥግ ይዘው ይጸልያሉ። ራዶይኮ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ በሩ ላይ ቆመ።

“ስታመና” አለኝ ቀስ ብሎ፣ “መንገድ ላይ እናውጣው?”

“ተጠምቋል እኮ” አልኩት።