የአማቴ ቴሌስኮፕ ሞተር

እኔ ቴፕና ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። አማቴ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በአንድ ነገር ተስማምተን አናውቅም። ሻይ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚበቃ እንኳ።

ጡረታ ሲወጡ ቴሌስኮፕ ገዝተው የተከራዩት ቤት ጣሪያ ላይ አቆሙት። ባለቤቴ እሰይ አለች። እኔ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አልኩ፤ ሰሙኝ። የቴሌስኮፑ ማቆሚያ ላይ አንዲት ትንሽ ሞተር አለች። ምድር ስትዞር የሚታየው ነገር ከመስታወቱ እንዳይወጣ ቱቦውን ቀስ አድርጋ ታዞራለች። ከፈጠነችም ከዘገየችም ነገሩ ሾልኮ ይሄዳል።

ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ዘንድሮ ሐኪሙ የቀኙም ከሁለት ወር እንደማያልፍ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ነገራቸው። አላለቀሱም። ቤት ገብተው ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ "ይቺም ሳትጠፋ የሳተርንን ቀለበት አንዴ ጠግቤ ልየው" አሉ። ያ ዓይን ደብዛዛ ነገር ለመልመድ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። ሞተሯ ግን ያን ያህል አትታገሥም። ልክ ቀለበቱ መታየት ሲጀምር ሳተርን ይሸሻል።

ባለቤቴ ሞተሯን ከማቆሚያው ፈትታ አወረደችልኝና ሱቄ ወሰድኳት። ዘንጓ ላይ በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግሁና ሰዓት ያዝኩ። አንዱን ዙር በአሥር ደቂቃ ጨረሰች፤ ልክ የሚፈለገው ነው። ደገምኩ፤ አሥር ደቂቃ። ዘይት ቀብቼ መለስኩላቸው።

"ይሸሻል" አሉኝ በማግስቱ።

"እማማ፣ ሞተሯ ደህና ናት። ቱቦውን በክርንዎ እየነኩት ይሆናል።"

"እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የማየው።"

"እንግዲያው ጣሪያው ይንቀጠቀጣል።"

"ጣሪያው ሲሚንቶ ነው፣ አንተ ሰው!"

ሦስት ጊዜ ፈታኋት፤ ሦስቴም አሥር ደቂቃ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔም ዋጥኩ። ባለቤቴ "እስቲ አንድ ቀን ከእማዬ ጋር ጣሪያው ላይ ውጣ" ስትለኝ "ሰዓት አይዋሽም" አልኳት። እንዲህ ስንባባል ሦስት ሳምንት አለፈ።

በአራተኛው ሳምንት ባለቤቴ ተሸክማ ልታወጣኝ ምንም ስላልቀራት ወጣሁ። የሞተሯን ገመድ በዓይኔ ተከተልኩት። የሚሄደው ወደ አንድ አሮጌ የሞተር ብስክሌት ባትሪ ነው፤ አከራዩ ወደ ጣሪያው የመብራት ገመድ እንዳይወጣ ከልክለዋል። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የለካሁት ከግድግዳው ሶኬት፣ በአዳፕተር ነበር። ሶኬት አይደክምም። እዚያው ሰዓት ያዝኩ። የመጀመሪያው ዙር አሥር ደቂቃ ሆነ፤ ሁለተኛው አሥራ አንድ።

ባትሪ ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እንደሚወፍርና እንደሚንቀራፈፍ የማያውቅ ቴፕ ጠጋኝ የለም። ሰው "ቴፔ ይጎትታል" ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "ባትሪ ቀይረሃል?" ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁት ደንበኛ የለም። አማቴን ግን አልጠየቅኋቸውም። አማቴ ስለሆኑ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከታወቀ በኋላ ጥገናው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። ከአንድ የሞተ ቴፕ ውስጥ ፍጥነት የምትጠብቀውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ነቅዬ ከሞተሯ ጋር አያያዝኳት። ባትሪው ቢደክምም ለሞተሯ የሚደርሳት ኃይል እኩል ይሆናል። በዚያው ባትሪ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለካሁ። አሥራ ሁለት ዙር፣ ሁሉም አሥር አሥር ደቂቃ። ኮራሁ፤ አልዋሽም።

በማግስቱ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ እንደጠቆረ ሳተርንን መሀል አስገባሁና ቦታውን ለቀቅሁላቸው። አማቴ ተቀምጠው ቀኝ ዓይናቸውን አስጠጉ። ሩብ ሰዓት አለፈ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ምስጋናዬን እጠብቃለሁ።

"አልሸሸም አይደል፣ እማማ?"

"እኔ እንጃ።"

"እንዴት እኔ እንጃ?"

"ባለፈው ሳምንት ሲሸሽ አይቼዋለሁ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ዛሬ የሚሸሸውም አይታየኝም።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሳተርን ካስቀመጥኩት ቦታ ንቅንቅ አላለም። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም።

"እርስዎ ልክ ነበሩ፣ እማማ" አልኩ። "ያን ሦስት ሳምንት የቀማሁዎት እኔ ነኝ።"

"አዎ፣ አንተ ነህ።"

የወንበሩን መደገፊያ እየዳበሱ ተነሱና ወደ ጎን ቆሙ።

"ተቀመጥ። ምን ይታይሃል?"

ተቀመጥኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማየው መንቀሳቀሱን እንጂ እሱን ራሱን አልነበረም።

"ትንሽ ነው" አልኩ።

"ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። ቀለበቱስ? ከአካሉ ጋር ተጣብቋል ወይስ ክፍተት አለው?"

"አለው። በሁለቱም በኩል ጥቁር ክፍተት አለው።"

እጃቸው ትከሻዬን ፈልጎ አገኘው።

"ቀስ ብለህ ንገረኝ" አሉ። "አትቸኩል፤ አሁን የትም አይሄድም።"

ከግራው ጫፍ ጀመርኩ።