የገደሌ ሌላው ጎን

ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ የትናየት ቴዎፍሎስ የጫማ ካርቶን ታቅፋ ተቀምጣለች። ረዳቱ ሁለት ጊዜ «እቃውን ከላይ እንጫነው» ቢላት ሁለቱንም ጊዜ ገላምጣዋለች። ያያት ሰው እንቁላል ይዛ አራስ ጥየቃ የምትሄድ ነው የሚመስለው። ካርቶኑ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልሎ የተኛው ግን ጭራቅ ነው። ከአጠገቧ የተቀመጡት አባቷ መሪጌታ ቴዎፍሎስ ይህን ስለሚያውቁ፣ ካርቶኑን ላለማየት ሲሉ ከወቅን ጀምሮ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ናቸው።

የጭራቁ ስም ገደሌ ነው። ቁመቱ ስንዝር አይሞላም፤ አስፈሪነቱ ግን ለጉድ ነው! አጥንቱ ሽቦ ነው። ሥጋው ደግሞ ቧንቧ ሠራተኞች ስንጥቅ የሚደፍኑበት፣ ሲያሹት እንደ ሊጥ ለስልሶ ኋላ ድንጋይ የሚሆነው ማጣበቂያ ነው። ጎፈሩንና የተራቆተ ቀይ ደረቱን ከጭላዳ፣ ቀንዱን ከዋልያ ወስዳለታለች። ጥፍሩን በስቴኪኒ ቀርጻ፣ ጎፈሩን በልብስ መስፊያ መርፌ አንድ በአንድ ጭራ፣ አምስት ሳምንት ደክማበት ስታበቃ ራሷም ፈራችው።

ለምን ሠራችው ብትሉ፣ ለጨዋታ ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ፤ አንዱ ታሪኩን እየነገረ ይመራል፣ ሌሎቹ ጀግኖች ይሆናሉ፤ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣልና ማን እንደመታ፣ ማን እንደሳተ ዳይሱ ይፈርዳል፤ ቁጥሩ ሲበዛ መታ፣ ሲያንስ ሳተ ማለት ነው። ይህን ጨዋታ ደባርቅ ያስገባው ገዱ የሚባል የተራራ አስጎብኚ ነው። ቱሪስት ሲጠፋ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠና፣ ድሮ አንድ እንግዳ ትቶለት የሄደውን የጨዋታ መጽሐፍ እንደፈቀደው ወደ አማርኛ መለሰው። መጀመሪያ ላይ ጭራቅ ስላልነበራቸው የለስላሳ ቆርኪ እየጎለቱ «ይሄ ዘንዶ ነው እንበል» ይሉ ነበር። የትናየት አንድ ቀን ልታይ ገብታ ቆርኪውን ስታይ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በሳምንቱ ዘንዶ ሠርታላቸው መጣች፤ ከዚያ ወዲህ እጇ ከጭራቅ አልተለየም።

መሪጌታ ግን አልጣማቸውም። እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ በወገራም በጃናሞራም የእሳቸው እጅ ያላረፈበት ደብር ጥቂት ነው። ልጃቸውን ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ አጠገባቸው አስቀምጠው ቀለም አስበጥብጠዋታል፣ መደብ አስቀብተዋታል። ፊቱንና እጁን እሳቸው ይሥላሉ፤ መደቡን፣ ከጀርባ ያለውን ሰማያዊና ቢጫ፣ እሷ ትሞላለች። አሁን ሃያ ሰባት ዓመት ሞላት፤ እስከ ዛሬ አንዲት ጣት እንኳ እንድትሥል አልፈቀዱላትም። «ገና ነሽ» ይሏታል። እንግዲህ ጊዜው መቼ እንደሚደርስ እግዜር ይወቀው!

ዘንድሮ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ያለ አንድ ደብር ለአዲሱ ሕንፃው ሥዕል አዟቸው፣ ሰኞ ሊነሱ ነው፤ እስከ ጥቅምት አይመለሱም። መደብ የምትቀባላቸው ያው የትናየት ናት። እሷ ደግሞ እንቢ አለች። በሕይወቷ እንቢ ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነው።

«ቀለም ያስተማርኩሽ ጭራቅ እንድታስጌጪበት ነው?» ብለው ተቆጡ።

«አባዬ፣ ይስሙኝ። ቅዳሜ ዳባት ላይ የሦስት ከተማ ተጫዋቾች ይሰበሰባሉ። ለመስከረሙ ትልቅ ጨዋታ ዋናው ጭራቅ ይመረጣል። የተመረጠለት ሰው የቀሩትን አሥራ ሁለት ጭራቆችም እሱ ነው የሚሠራ። እስከዚያ ብቻ ይታገሡኝ።»

መሪጌታ ጢማቸውን እያሹ አሰቡና ፈረዱ። «ከተመረጠልሽ ቁጭ ብለሽ ጭራቅሽን ሥሪ። ካልተመረጠልሽ ሰኞ ማለዳ ከእኔ ጋር ነሽ፤ ያንን ሽቦና ጭቃ ግን ሁለተኛ ቤቴ እንዳላየው። ፍርዱንም በዓይኔ አየዋለሁ።» እሷም እሺ አለች። እሺ ከማለት በቀር ምን ምርጫ ነበራት?

ዳባት ሲደርሱ የወርቄ ሻይ ቤት የኋላ ክፍል ጢም ብሏል። ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች ከጎንደርም ከደባርቅም መጥተዋል፤ መሃል ላይ ትልቅ ጠረጴዛ አለ። ገዱ ካርቶን ደራርቦ፣ ጭቃ መርጎ የሠራው አምባ ቀጥ ያለ ገደሉን ወደ መጫወቻው ሰጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። መሪጌታ በር አጠገብ ወንበር ይዘው ሻይ አዘዙ። ጨዋታውን የምትመራው የጎንደሯ እሌኒ ናት፤ መምህርት ናት፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ስትናገር ግን ሁሉም ጸጥ ይላል።

ጠዋት የቀረበው የያርጋል ዘንዶ ነበር። ያርጋልም ከጎንደር ነው፤ ዘንዶውን ከውጭ አገር አስመጥቶታል፤ ፕላስቲክ ነው፣ ክንፉ ያንጸባርቃል፣ የራሱ ስፖንጅ ያለው ሳጥን አለው። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ጀግኖቹ ግን በግማሽ ሰዓት ገደሉት። ቢሆንም ሰዉ አጨበጨበ፤ ያርጋልም አንገቱን ነፋ አድርጎ ተቀመጠ።

ከምሳ በኋላ ተራው የገደሌ ሆነ። የትናየት ጥጡን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ስታቆመው ክፍሉ በሙሉ «ውይ!» አለ። አንገታቸውን እያሰገጉ ቀረቡ። አንዷ «ደረቱን እዩልኝ፣ ጭላዳ እኮ ነው!» አለች። የየትናየት ልብ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ያን ጊዜ ያርጋል እጁን ሰደደና ገደሌን አንስቶ አዞረው።

«ይሄ ጎኑስ?» አለ።

ሁሉም ጎንበስ ብሎ አየ። የገደሌ ቀኝ ፊት ላይ እንደ ፍም የሚነድ ዓይን አለ። ግራ ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም፤ ጥቁር ተቀብቶ ለስልሶ ቀርቷል። ያርጋል ሳቁን ለቀቀው። «ረስታዋለች! ግማሽ ጭራቅ ነው ይዛልን የመጣች!» ሲል ሰዉ ሁሉ ተከትሎ ሳቀ።

የትናየት ክው ብላ ቀረች። አምስት ሳምንት ሙሉ ያን ፊት በጣቷ ስታለሰልስ የጎደለ ነገር እንዳለው አንድ ጊዜም አልታያትም። እናንተም «እንዴት አይታያትም?» ትሉ ይሆናል፤ ግን በእሷ ቦታ ሁኑና እዩት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ሰይጣንና ጨካኝ ንጉሥ፣ ሰማዕታትን የሚያሠቃይ ወታደር ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በሰይጣን ዙሪያ መደብ ስትቀባ የኖረች ልጅ የሰይጣንን ሌላ ጎን የት አይታ ታውቀዋለች? ክፉ ነገር በአንድ ዓይን ካየ ለእሷ ሙሉ ነው።

ገዱ በጆሮዋ ተጠጋ። «ቀለም ይዘሻል አይደል? አንዲት ነጥብ ጣል አድርጊበትና ይለቅ።»

ብሩሹን አወጣች። ጫፉን ቀይ ነከረችው። ወደ ገደሌ ጉንጭ አስጠጋችውና ቀና ስትል አባቷን አየች። መሪጌታ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ገደሌን እያዩት ነው። ገደሌን ሲያዩት ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ግን አልሳቁም። የትናየት ደሟ ፈላ። እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ያልሠራውን ሠርታ መጥታ፣ ለአንድ ቀልደኛ ብላ ልታበላሸው!

«አይጨመርበትም» አለች ብሩሹን አስቀምጣ። «እኛ ቤት ክፉ ነገር የሚያየው በአንድ ዓይኑ ነው።»

እሌኒ ወደ በሩ ዞረች። «መሪጌታ፣ እውነት ነው?»

«የጻድቅ ፊት ሙሉ ነው፤ የክፉ ፊት ግማሽ ነው» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «እኔም ከአባቴ፣ አባቴም ከመምህሩ የተቀበልነው ይህንኑ ነው። ልጅቷ አልሳተችም።» ከዚያ ያሉት ለራሳቸው ከበዳቸው መሰለኝ፣ «ሥራውን ወደድኩት ማለቴ ግን አይደለም» ብለው ሻያቸውን አነሱ።

እሌኒ ትንሽ አሰበችና ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። «እንግዲያው ሕጉ ይኸው ነው። ገደሌ በዓይኑ በኩል ያለውን ብቻ ያያል፤ ያላየውን አይመታም። ሠላሳ ነፍስ አለው። የምታጫውተው የሠራችው ናት። አምስቱ ጀግኖች፣ ጀምሩ!»

ያርጋል እጁን አፋተገ። ይህማ ለእሱ ሠርግና ምላሽ ነው! የአምስቱ ጀግኖች አለቃ ስለነበረ ሁሉንም ሰብስቦ በገደሌ ግራ በኩል አሰለፋቸው። የትናየት ገደሌን ብታዞረው እነሱም አብረው ይዞራሉ። አንዱ በጦር፣ አንዷ በቀስት፣ ጠንቋዩ በእሳት ይመቱታል፤ እሱ አየር ይቧጭራል። ሠላሳው ነፍስ ሃያ ሁለት ሆነ፣ አሥራ አምስት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ።

«ምስኪን፣ አሳዘነኝ» አለች ወርቄ ብርጭቆ እየሰበሰበች።

የትናየት የቀረውን ነፍስ ቆጠረች። ሰኞ መጣባት። የመካነ ብርሃን መንገድ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ ሰማያዊ መደብ፣ ከጥቅምት በኋላም ሌላ ደብር፣ ሌላ መደብ! እንባዋን ዋጥ አድርጋ ገደሌን አየችው። አይ አንተ፣ አለችው በልቧ፣ አባዬ የሣሉት ያ ሁሉ ሰይጣን እንዲህ ከጎኑ ሲወጋ አይቼ አላውቅም እኮ። ለምንድን ነው አንድም ሰው በሌላ ጎኑ መጥቶበት የማያውቅ?

ከዚያ ገባት። ገባትና ብቻዋን ሳቀች። በሌላ ጎኑ ያለው ግድግዳ ነዋ!

ተራዋ ሲደርስ ማንንም አልመታችም። ገደሌን አነሳችው፤ ጀግኖቹን ትታ ወደ ኋላ ወሰደችው፤ ገዱ ከሠራው አምባ ሥር አድርሳ ዓይን የሌለውን ጉንጩን ከገደሉ ጋር ግጥም አድርጋ አቆመችው።

«እየሸሸ ነው! ያዙት!» አለ ያርጋል። ጀግኖቹን እየነዳ መጣና እንደ ለመደው ወደ ግራው ሊያልፍ ሲል እጁ በአየር ላይ ቀረ። በግራ በኩል መቆሚያ የለም። በፊትም በኋላም ቢጠጋ ያቺ ቀይ ዓይን ታየዋለች። አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን ዞረ፣ ጎንበስ ብሎም አየ።

«ምን ጠፋህ፣ ያርጋል?» አለች የትናየት።

«ሌላው ጎኑ የት ሄደ?»

«ግድግዳው ጋ ነው። ከቻልክ ግባ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አሁን ግን ሳቁ የእሷ ነበር። ዳይሱን ወረወረችው፤ አሥራ ሰባት። ባለ ጦሩ ወደቀ። ጀግኖቹ መልሰው መቱ፤ ገደሌ አራት ነፍስ ቀረው። ደግማ ወረወረች፤ አሥራ ዘጠኝ። ቀስተኛዋም፣ ጠንቋዩም ተከታትለው ወደቁ። ሰዉ ወንበሩን ትቶ ቆመ፤ ጀግና የሚደግፍ ጠፋ፤ «ገደሌ! ገደሌ!» እያለ ጠረጴዛውን ይደልቃል። አራተኛዋ ጀግና ልትሸሽ ስትል ደረሰባት። መሪጌታም ብርጭቋቸውን ይዘው ከሕዝቡ ኋላ በእግር ጣታቸው ቆመው አንገታቸውን አስግገዋል።

የቀረው ያርጋል ብቻ ነው። «በአምባው ላይ ወጥቼ ከላይ እወርድበታለሁ» አለ። እሌኒ «ሞክር» አለችው። ዳይሱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አድርጎ፣ እፍ ብሎበት ለቀቀው። ተንከባለለ፣ ተንከባለለና ቆመ። ሁለት! ጀግናው ከነጋሻው ከአምባው ተወርውሮ ገደሌ እግር ሥር ተዘረጋ።

ጩኸቱ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ገዱ የትናየትን አቅፎ ከመሬት አነሳት። እሌኒ ድምፅ ስታስቆጥር ለዘንዶው አራት እጅ ወጣ፤ ለገደሌ የቀረው ሁሉ። ያርጋልም እጁን አወጣ። ከአራቱ ጋር መስሏችኋል? ለገደሌ ነው ያወጣው! የየትናየት አንጀት ቅቤ ጠጣ፤ እንባዋም አሁን ያለ ፈቃዷ ፈሰሰ፤ ልትደብቀውም አልሞከረችም።

መሪጌታ በሰዉ መሃል አልፈው መጡ። ጎንበስ ብለው ገደሌን በቅርብ አዩት፤ ጎፈሩን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ሰኞ ብቻዬን ነኝ ማለት ነው» አሉ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«መደብ የሚቀባልኝ ሰው ልፈልጋ።»

«ይፈልጉ፣ አባዬ። እኔ ሥራ አለብኝ።»

ያን ጊዜ ያርጋል ዘንዶውን ከነሳጥኑ ይዞ መሃላቸው ገባ። ቅድም የሳቀበት አፉ አሁን ተለሳልሷል። «የትናየት፣ እባክሽ፣ ብሩሽሽን እንደያዝሽ የኔንም አንዱን ዓይን በጥቁር ሸፍኚልኝ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅብሽም።»

የትናየት ዘንዶውን ተቀብላ አየችው። ያምራል፣ አልካደችም። መልሳ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችለት።

«አይሆንም። ሌላ ሰው በሠራው ላይ ቀለም መሙላት ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ። ዘንዶ ከፈለግህ ከአጥንቱ ጀምሬ የራሴን እሠራልሃለሁ። አሥራ ሁለቱ ስለሚቀድሙ ግን ተራህን ጠብቅ።»

ያርጋል ሊለማመጥ አፉን ሲከፍት መሪጌታ ቴዎፍሎስ በትከሻቸው ገፋ አደረጉት።

«አልሰማህም እንዴ?» አሉት ደረታቸውን ነፍተው። «ሠዓሊዋ ተራህን ጠብቅ ብላሃለች!»