ከጠባሳው በታች

ዶክተር ያምሮት ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሳችና መልሳ ደፋች። ያየችው አላማራትም። ከወይዘሮ አቻምየለሽ የራስ ቆዳ ላይ የወጣው ጥቁር ምልክት በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ጠጥቶ ከማይክሮስኮፑ ሥር ባለው መስተዋት ላይ ተዘርግቷል። ለቆዳ ጥቁረቱን የሚሰጡት ሴሎች በየቦታቸው መቀመጥ ሲገባቸው፣ ገሚሶቹ ሽቅብ ተንጠራርተዋል፣ ገሚሶቹ እርስ በርስ እየተጋፉ አብጠዋል። ክፉው የቆዳ ካንሰርም እንዲህ ነው የሚጀማምረው።

ወይዘሮ አቻምየለሽ ባላቸውን ከቀበሩ ዓመት አልሞላቸውም። ምልክቱ ድንገት ጠቁሮ ሲሰፋባቸው ጊዜ ነው ልጆቻቸውን ለጎረቤት ትተው ከገበዝ ማርያም ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የወረዱት። አሁን እሳቸውንም ቢያጡ እነዚያ ልጆች ማን አላቸው? ያምሮት ካንሰር ነው ብዬ እንዲህ በቀላሉማ አልፈርምም ብላ ወደ ሥጋው ጥልቀት መስተዋቱን ገፋ አደረገችው።

እዚያ እጇ ቀጥ አለ። ከተረበሹት ሴሎች ሥር ፈዘዝ ያለ ጠባሳ ተጋድሟል። ከጠባሳው በታች የምልክቱ የድሮ ሴሎች አሉ፤ ወደ ጥልቁ በሄዱ ቁጥር እያነሱ፣ እንደተኙ ሕፃናት ጭጭ ብለዋል። ከላይኞቹ ረብሸኞች አንድም ጠባሳውን የተሻገረ የለም። ጉድ ነው! በዚህች ከእህል ፍሬ በማትበልጥ ሥጋ ውስጥ ይህ ሁሉ ታሪክ መኖሩ ያምሮትን ሁልጊዜም ያስደንቃታል።

ስለት ነክቶት ከነበረ፣ ረብሻው የቁስል ማገገም እንጂ ካንሰር አይደለም። ካልነካው ግን ጠባሳው ራሱ ክፉ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋ ደግሞ ለምርመራ ሲመጡ ማንም አልነካውም ብለዋል። ያምሮት ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ወይዘሮ አቻምየለሽ ጥቁር ሻሻቸውን አስረው ከታናሽ እኅታቸው ከተናኜ ጋር ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ይሄ ምልክት እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ተቆርጦ ያውቃል? በምላጭም ቢሆን?»

«ኧረግ! ማርያም የሳመችኝን ከእናንተ በቀር ማን ደፍሮ ይቆርጠዋል፣ ልጄ? አብሮኝ የተወለደ እኮ ነው።»

ተናኜ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«እታለም… ጋሼን የቀበርን ዕለት፣ ለሐዘኑ ራስሽን ስላጭሽ ምላጩ አዳለጠኝ። ገሸለጠው። ደሙ እስከ አንገትሽ ወርዶ ነበር።»

ወይዘሮ አቻምየለሽ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ።

«አላመመኝም እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ዕለት የሚያመኝ ሌላ ነበር።»

«እንግዲያውስ ካንሰር አይደለም!» አለች ያምሮት። ሁለቱንም ወደ ክፍሏ አስገብታ ወይዘሮ አቻምየለሽን ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀምጣ የምላጩን ጠባሳ አሳየቻቸው።

«ይኸ የነጣው መሥመር ያ ቀን ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔ የረሳሁትን ሥጋዬ ይዞት ኖሯል… ከሥሩ ያሉትስ?»

«እነሱን ምንም አልነካቸውም። ደኅና ናቸው።»

«እመቤቴ ማርያም!» አሉ፤ ዓይናቸውንም ለረጅም ጊዜ አላነሱም። ከኋላቸው የተናኜ ሲቃ ሲሰማቸው ግን ከወንበሩ ተነሡና እጇን ያዙ።

«ነይ እስቲ፣ ምን ያስለቅስሻል? አንቺም የእጅሽን ሥራ እይው።»

ተናኜ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለች።