የቆረቆንዳ አመድ

የወለተ ሐና ባል ሞጣ ላይ የቀን ሥራ ሲሠራ አዲስ ግንብ ተንዶበት ሞተ። አሠሪው ሲሚንቶውን ሸጦ በጭቃ ነበር ያስገነባው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ግንበኛ የሚባል አታምንም። በ1973 ዓ.ም. ቢቸና ላይ ክሊኒክ ሊሠራ ሲታሰብ የቀበሌው ሕዝብ ተቆጣጣሪ አድርጎ የመረጣትም ለዚሁ ነው።

ግንበኛው የሞጣው ሽማግሌ አያ ሐምዱ ነበሩ። አንድ ረፋድ ላይ ከሲሚንቶው ጋር ግራጫ ዱቄት ሲያደባልቁ ደረሰችባቸው። ዘግና በጣቷ አሸችው።

“አያ ሐምዱ፣ ይኼ አመድ አይደለም?”

“ነው እቴ። ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ አቃጥዬ በወንፊት የነፋሁት ነው። ሲሚንቶው በኮታ ሆነብን፤ በአራት እጅ ሲሚንቶ አንድ እጅ አመድ ቢገባ አርማታው ይይዛል። መሐንዲሱም ያውቃል።”

“መሐንዲሱ የታለ?”

“ደብረ ማርቆስ ወርዷል።”

“በአመዱ የተረፈው ሲሚንቶስ?”

“መጋዘን ነዋ። ቁልፉ የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ነው።”

አላመነቻቸውም። በቀጥታ ሊቀመንበሩ ውበቴ ዘንድ ሄደች። ውበቴ መጣና ባለፈው ሳምንት አመድ ገብቶባቸው ከተሞሉት የአርማታ ንጣፎች አንዱን በመዶሻ መታው፤ ለሁለት ተሰነጠቀ።

“አሻጥር ነው!” አለ።

“ጊዜ ስጡት፤ አመድ ያለበት ቀስ እያለ ነው የሚጠነክር” አሉ አያ ሐምዱ። የሰማቸው የለም፤ ታሰሩ።

ወለተ ሐና ግን ውበቴን ታስተውል ነበር። ውበቴ መጋዘኑን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ስለተረፈው ሲሚንቶም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። “ሌባ ይዣለሁ የሚል ሰው የተሰረቀውን አይፈልግም?” አለች ለራሷ። ከቀሩት ንጣፎች አንዱን ቤቷ አስወስዳ፣ ሽማግሌው እንዳሉት ጊዜ ልትሰጠው እርጥብ ጆንያ አለበሰችው።

ክረምቱ ሲወጣ ንጣፉን የቀበሌው ስብሰባ ላይ አስመጣችና ለአንድ ጎረምሳ መዶሻ ሰጠችው። ልጁ እስኪያልበው ቀጠቀጠ፤ ንጣፉ ንቅንቅ አላለም።

“አመዱ ይዟል” አለች። “አሁን መጋዘኑ ይከፈት።”

“ቁልፉ ጠፍቶብኛል” አለ ውበቴ።

ሕዝቡ ጓጉንቸሩን ሰብሮ ገባ። ከባዶ ከረጢት በቀር ምንም አልነበረም። ውበቴ ተያዘ፤ አያ ሐምዱ ተፈቱ። ከእስር እንደወጡ ግን ለማንም ሳይናገሩ አገራቸው ገቡ።

ወለተ ሐና ሞጣ ድረስ ተከተለቻቸው። በሩን ገርበብ አድርጋ የከፈተችላት ሚስታቸው ራዲያ ነበረች፤ አየቻት እንጂ ግቢ አላለቻትም።

“አያ ሐምዱ፣ በድዬዎታለሁ። ክሊኒኩን ይጨርሱልን” አለች ወለተ ሐና ከደጅ ቆማ ወደ ውስጥ።

ሽማግሌው ከሚስታቸው ኋላ ብቅ አሉ። “እመጣለሁ። ግን እኔ ሳደባልቅ ከኋላዬ ቆመሽ አታይኝም፤ አመዱንም ሲሚንቶውንም ራስሽ ትሰፍሪያለሽ” አሉ።

ራዲያ ያን ጊዜ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።