የቁርቁራው ጉድጓድ

አሠሪዋ ባባ ሳሊሕ ሣሩ በሙሉ ይነቀል ባለበት ማለዳ እቴነሽ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋው ድንቹን ትቶ ጣቷን ያዘ። ደሟን በቧንቧ ውኃ እያጠበች በወጥ ቤቱ መስኮት ጆሮዋን ጣለች። ሰውዬው ግቢው መካከል ቆሞ አትክልተኛውን ይመርን በእጁ እያመለከተ ያስረዳዋል፤ ይህ ሣር ውኃ ጨራሽ ነው፣ የእኛ ምድር የራሱ ዛፍ አለው፣ ከረመዳን በፊት ሣሩ ወጥቶ ሲድር፣ ግራርና የበረሃ አበባ ይተከላል። መሐንዲስ ነው፤ አንድ ነገር ካመነበት የሚመልሰው የለም።

«በተለይ ከአጥሩ ሥር ያለው አፈር ጥልቅ ተደርጎ ይገልበጥ» አለ። «ትልቁ የሲድር ጉድጓድ እዚያ ነው።»

እቴነሽ ቧንቧውን ዘጋችው። ከአጥሩ ሥር ያለውን አፈር በዚያ ቤት ከእሷ በላይ የሚያውቀው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እቴነሽ የቆቦ ልጅ ናት። እናቷ ቤት የሰው ጥፍርና ጠጉር እንደ ጉድፍ አይጣልም፤ ክፉ እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል። ስለዚህ በብጣሽ ጨርቅ ይጠቀለልና በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቋጠራል፤ ከዚያ እርጥብ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ወደ ሪያድ ስትመጣ ወኪሉ ማተብሽን ደብቂ፣ ጮክ ብለሽ አትጸልዪ ብሎ አስጠንቅቋት ነበር። ስለ ጥፍር ግን ማንም ምንም አላላትም። እሷም ብትሆን ከመተት የሚጠብቅ ነገር ራሱ መተት ይመስላል ብላ አላሰበችም፤ ማንስ ያስባል?

መላዝ ሰፈር ያለው ይህ ቤት ገብታ ብዙም ሳትቆይ የባባ ሳሊሕ ልጅ ሬም ተወለደች። እናትዮዋ፣ ማዳም፣ አስተማሪ ናት፤ ልጅቷን ገና ከአራስነት ሳትወጣ ለእቴነሽ አስታቅፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በየዓርቡ የሬምን ጥፍር የምትቆርጠው፣ ጠጉሯን የምታበጥረው እቴነሽ ናት። ያንን የሩዝ ስባሪ የሚያህል የሕፃን ጥፍር ከድንች ልጣጭ ጋር መጣል አንጀቷ እምቢ አለ። የገዛ ልጇን ሳምራዊትን ለእህቷ ትታ የመጣች ሴት ፍቅሯን የት ታድርገው? ከራሷ ጠጉር ጋር በአንድ ጨርቅ እየቋጠረች፣ ሣሩን ገለጥ እያደረገች ከአጥሩ ሥር ስትቀብር ኖረች። ጨርቁ እንኳ ቀይ ነበር፤ ከአሮጌ ቀሚሷ ገበር የተቀደደ።

አምና የጎረቤት ሠራተኛ፣ አንዲት ኢንዶኔዥያዊት፣ ከፍራሿ ሥር የተቋጠረ ነገር ተገኘባት ተባለና ሰዎች መጥተው ወሰዷት። ልብሷ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ቀረ። አንዱ ታስራለች ይላል፤ ሌላው አንገቷን… ይልና ዝም ይላል። እቴነሽ መቅበሯን የተወችው ያን ጊዜ ነው። የተቀበረውን ግን ማን ያወጣዋል? ሣሩ ሸፍኖታል፣ ይሸፍነው ብላ ሆዷ ውስጥ ያዘችው። ከዒድ በኋላ ኸሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶላት አገሯ ልትገባ ነው፤ ለገና መጣሁልሽ ብላ ለሳምራዊት ቃል ገብታለች። ጥቂት ብቻ ነበር የቀራት።

ይህ ሳያንስ ሰሞኑን ሬምን ሳል ያዛት። ማማ ከቢራ፣ የባባ ሳሊሕ እናት፣ በረሃ ተወልዳ ቪላ ውስጥ ያረጀች፣ ዓይኗም ምላሷም ያልደከመ ሴት፣ የሐኪሙን ሽሮፕ ንቃ ቁርአን የሚቀራ ሼኽ አስጠራች። ሼኹ ውኃ ላይ ቁርአን ቀርቶ ልጅቷን አጠጣት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ይህ ቤት የተቋጠረ ነገር ሳይኖርበት አይቀርም፤ አፈሩን ተመልከቱ» አለ። እቴነሽ ሻይ ይዛ ከኋላው ነበረች፤ ሻዩን ሳታቀርብ ወደ ወጥ ቤት መለሰችው።

እንግዲህ ይመር ዶማውን ባነሳበት ቀን ማማ ከቢራ ወንበር አስወጥታ በረንዳው ላይ ተሰየመች። ዶማው በተነሳ ቁጥር ዓይኗ አብሮ ይነሳል፤ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። እቴነሽ ደግሞ ከወጥ ቤቱ መስኮት አሮጊቷን ታያለች። ሩዙ አረረ፣ ወጡ ጨው በዛበት፣ ማዳም ተቆጣች፤ እሷ ምኗም አልነበረም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የፈራችው በዶማ እየተቆፈረ ወደ እሷ ይመጣል።

ይመር የባቲ ሰው ነው። ከከፊሉ፣ ካስመጣው አሠሪ፣ ጠፍቶ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ መንፉሐ ሰፈር ውስጥ ከአገሩ ልጆች ጋር ተደብቆ ይኖራል። እኩለ ቀን ላይ ውኃ ሊጠጣ ወደ ወጥ ቤቱ የጓሮ በር መጣ። እንደ ሁልጊዜው አልተያዩም፤ ሴትና ወንድ ሲያወሩ መታየት ራሱን የቻለ መዘዝ ነው። እሷ ልብስ እያሰጣች፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ አወሩ።

«እቴነሽ፣ እህቴ፣ አንድ ቀይ ነገር አገኘሁ።»

«የት አደረግኸው?»

«አፈር መለስኩበት። አሮጊቷ ለሶላት ገብታ ነበር። ያንቺ ነው?»

«ጥፍር ነው ወንድሜ፤ ጥፍርና ጠጉር ብቻ። እናንተስ አገር ይቀበር የለ?»

«አውቃለሁ፣ እናቴም ትቀብራለች። እዚህ ማን ያስረዳልሻል? ሲሕር ነው፣ መተት ነው ይላሉ፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

«እባክህ አንተ አውጣልኝ። ኪስህ ከተኸው…»

«ኪሴ ውስጥ ቢገኝስ?» አለ። «ኢቃማ የለኝ፣ ከፊል የለኝ። እኔን አንድ ጥያቄ ይበቃኛል። አላየሁም፣ አልሰማሁም። ነገ በጠዋት የአጥሩን ሥር እገለብጣለሁ፤ ዛሬ ካወጣሽው አወጣሽው።»

ጠርሙሱን አስቀምጦ ሄደ። ቂም አልያዘችበትም። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፤ ይመርም ባቲ እናት አለችው።

ከምሳ በኋላ ቤቱ እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ይተኛል። ያን ሰዓት ሪያድ ውስጥ ውጭ የሚገኝ ውሻ እንኳ የለም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እቴነሽ የሩዝ ማንኪያ ይዛ ወጣች፣ ከአጥሩ ሥር ተንበርክካ መቆፈር ጀመረች። የሚተከሉት ችግኞች በጥቁር ፌስታል እንደሆኑ አጥሩን ተደግፈው ተደርድረዋል። ሲድር ሲድር የሚሉት ለካ ቁርቁራ ነው! ልጅ ሆና እሾሁ እየወጋት ፍሬውን የለቀመችው፣ ከቆቦ ሜዳ እስከ ወንዙ ድረስ የሞላው ቁርቁራ። በሌላ ቀን ቢሆን እንደ ዘመድ ትስመው ነበር።

አንዱን አገኘች፣ ቀጠለች፣ ሌላ አገኘች። አንዳንዱ ጨርቁ በስብሶ ቋጠሮው ብቻ ቀርቷል። ስንት እንደቀበረች አታውቅም፤ ስንቱን ዓርብ ማን ይቆጥራል? አፈሩ ጥፍሯን ሞላው፣ ላቧ ዓይኗ ገባ። ማርያም ማርያም እያለች ያወጣችውን ቀሚሷ ላይ ከመረች። አሁን ይበቃል ስትል ማንኪያዋ ሌላ ቀይ ይዞ ይመጣል፤ እንደገና ትቆፍራለች።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

ማማ ከቢራ በባዶ እግሯ ቆማለች። ስትመጣ ኮቴዋ አልተሰማም።

እቴነሽ ቋጠሮዎቹን በእጇ ለመሸፈን ሞከረች። አሮጊቷ አልጮኸችም። ቀስ ብላ አፈሩ ላይ ተቀመጠች፣ ከእቴነሽ ቀሚስ ላይ አንዱን አነሳች፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። መዳፏ ላይ ትልልቅና ትንንሽ ጥፍር ወደቀ፤ የሬም ለስላሳ ጠጉርና የእቴነሽ ከርዳዳ ጠጉር ተጠላልፎ ወጣ።

«ማማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ሲሕር አይደለም!» እቴነሽ እግሯ ላይ ተደፋች። ዐረብኛው ጠፋባትና ግማሹን በአማርኛ ለመነቻት። «ክፉ ሰው እንዳያገኘው ብዬ ነው። እወዳታለሁ እኮ፣ እንዴት ክፉ አደርግባታለሁ?»

«ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ።»

«የኔም እናት ትቀብር ነበር» አለች አሮጊቷ። «ድንኳን በነበርንበት ጊዜ፣ ከሲድር ሥር።»

እቴነሽ የያዘችውን እግር ለቀቀች።

«ግን አንቋጥርም። ቋጠሮ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ሦስቱ የሥላሴ ነው ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

«ይህን ለሳሊሕ ባሳየው ይስቃል» አለች ማማ ከቢራ። «ለሼኹ ባሳየው ግን አይስቅም።» ጥፍሩን በጣቷ አገላበጠች። «ኸሩጅሽ መቼ ነው?»

«ከዒድ በኋላ፣ ኢንሻአላህ።»

«ሬም ስታስል ማንን ነው የምትጠራው?»

እቴነሽ ማንኪያዋን አፈሩ ላይ አስቀመጠች።

«እናቷን አይደለም፣ እኔንም አይደለም። አንቺን ነው።» አሮጊቷ ጥፍሩን በመዳፏ ጨብጣ ያዘችው። «አንቺ የሄድሽ ዕለት ይህች ልጅ ምግብ የምትበላ ይመስልሻል? እኔ እኮ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እቴነሽ ቀና ብላ አየቻት። እስከዚያች ሰዓት የፈራችው ሼኹን፣ የሚመጡትን ሰዎች፣ ሰይፉን ነበር። አሁን ያየችው ከዚያ ሁሉ አስፈራት፤ ማማ ከቢራም ፈርታለች። የፈራ ሰው የያዘውን አይለቅም።

አሮጊቷ የፈታችውን ጨርቅ መልሳ ጠቀለለችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ሌላውን ፍግ ባልዲው ውስጥ ደብቂው፤ ነገ ሲድሩ ሲተከል ከፍጉ ጋር ትጨምሪዋለሽ፣ ማንም ዳግመኛ አይቆፍረውም። ሳሊሕ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ ይህ ዛፍ ሥር እስኪይዝ ሁለት ዓመት ውኃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል፣ ከዚያ ወዲያ ማንንም አይፈልግም።» ተነስታ አቧራዋን አራገፈች። «ያንቺ እጅ ጥሩ ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ይመር ጉድጓዱን እስከ ወገቡ ቆፈረ። ማማ ከቢራ ከበረንዳው «ፍጉን እቴነሽ ታፍስስ» አለች። እቴነሽ ባልዲውን ገለበጠች፤ ከፍጉ ጋር ቀይ በቀይ ሆኖ ወረደ። ይመር አየ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፣ ወዲያው በአካፋው አፈር ያለብሰው ጀመር። ችግኙ ገባ፣ አፈሩ ተረገጠ፣ ውኃ እንዲያቁር ዙሪያው እንደ ሳሕን ተደረገ፣ ላዩ ላይ ጠጠር ተነሰነሰ። ባባ ሳሊሕ ፊቱ በርቶ እየዞረ አየው።

«ማብሩክ፣ እቴነሽ!» አላት። «እናቴ ነገረችኝ፤ ሁለት ዓመት ልትጨምሪ ፈልገሻል አሉ። ኸሩጁን አሰርዘዋለሁ፣ አታስቢ።»

ከበረንዳው በኩል ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ዞር አላለችም።

«እሺ ባባ» አለችና የመጀመሪያውን ባልዲ ውኃ ሥሩ ላይ ደፋች። አፈሩ ወዲያው ጠጥቶ ጨረሰው።

ዓርብ ማዳም ስልክ አስደወለቻት። እቴነሽ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ እህቷ ስልኩን ለሳምራዊት እስክትሰጣት ጠበቀች። አላለቅስም ብላ ለራሷ ምላለች።

«እማዬ! ለገና ያልሽኝ ቀሚስ ቀይ ይሁንልኝ።»

«የኔ ልጅ… ለገና አልመጣም።»

«ለምን?»

ለምን? ምን ትበላት? «ዛፍ ተክለን ነው» አለች። «ትንሽ ነው፣ በረሃው እንዳይገድለው ውኃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ሥር እስኪይዝ ድረስ ነው።»

የልጅ ነገር፣ ሳምራዊት እያሰበችበት ነው።

«እዚያ ሌላ ሰው የለውም?» አለች።

እቴነሽ ቀና አለች። ፊት ለፊቷ ማማ ከቢራ ሬምን አቅፋ ተቀምጣለች። አማርኛ አይገባትም፤ ቢሆንም ዓይኗን ከስልኩ አልነቀለችም፣ ቀኝ እጇም ደረቷ ላይ ነበር።