ውታፉን አይቼዋለሁ

ሞጣ ሐይቅ የላትም። ይህን የማያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባሌ ነው። አብዱልሐኪም ሠላሳ ዓመት ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ ኖሮ፣ አንድ ቀን ለዕቃ ባሕር ዳር እንደ ሄደ ባለሞተር ጀልባ አይሱዙ ላይ ጭኖ መጣ። እኔ ፍሪጅ ነበር ያዘዝኩት።

ጀልባዋ ግቢዬን ሞላችው። ልብስ የማሰጣበት አጣሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «ኑህ! ዝናቡ መቼ ነው?» እያለ ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል! የምቃጠለው እኔ ነኝ። «ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ!» ብዬ ስነሳበት፣ «ሀሲናዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ተሳፈሪባት። ያን ቀን ጠብታ ውሃ ካስገባች ወላሂ እሸጣታለሁ» አለኝ። እንድታስገባ ዱዓ አላደረግሁም ብል ውሸት ነው። ትንሽ ብቻ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት።

እሱ ግን የዋዛ አልሆነም። ባሕር ዳር ያሉ ጀልበኞችን ጠይቆ ዝርዝር ጻፈና መኝታ ቤታችን በር ላይ ለጠፈው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይለብሱ አለመሳፈር፣ ከአራት ሰው በላይ አለመጫን፣ ነዳጅ ማየት፣ ንፋስ ሲነሳ አለመውጣት፣ ውታፍ ማየት፣ ሌላም ሌላም። ጠዋት ማታ እንደ ዚክር ይደግመዋል።

እሑድ ጠዋት ሳምቡሳ ጠብሼ፣ ጀልባዋን አስጭነን ቢቸና አጠገብ ወዳለ የመስኖ ኩሬ ወረድን። የኩሬው ዘበኛ አያ ጓዴ ድሮ የቅኔ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። «እግዚኦ! መርከብ!» አለ። አብዱልሐኪም በስንት ሰዓት እንደምንመለስ ነገረው፤ ገመድም አስያዘው። ይህም ዝርዝሩ ላይ አለ።

ከዚያ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ጃኬት?»

«ለብሻለሁ።» ብርቱካንማውን ጃኬት ሂጃቤ ላይ ደርቤ ዱባ መስያለሁ።

«መቅዘፊያ?»

«አለ!»

«ውታፉን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ! ምነው፣ ፈተና ነው እንዴ?» ውታፍ የሚለው የቱን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

መሀል ስንደርስ አብዱልሐኪም መንዙማ ማንጎራጎር ጀመረ። ከሠርጋችን ወዲህ ፊቱ እንዲያ ሲበራ አላየሁትም። አንጀቴን በላው። ወዲያው እግሬን ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብል ሳምቡሳዬ ይዋኛል።

«ያ ረቢ! ውሃ!»

እሱ አልደነገጠም። ወደ ዳር መለሳት፤ እኔ በሳምቡሳው ሳህን ውሃ እጨልፋለሁ። ልንደርስ ስንል ሞተሩ ጠፋ። አያ ጓዴ ገመዱን ወርውሮ ጎተተን። እስከ ጉልበታችን ርሰን ወጣን። ዱዓዬ እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፤ አላህ ጨምሮ ሰጠኝ።

አብዱልሐኪም የጀልባዋን ጀርባ ዳበሰና የታቆረ ውሃ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ እጁ ቆመ። «ውታፉ የለም» አለ። «አንቺ ካየሽው፣ የጫኑልን ልጆች እንዳልኳቸው ገጥመውት ነበር ማለት ነው፤ መጥበቁን ያላየሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃል ቃል ነው፣ ሀሲና፤ ትሸጣለች።» ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም።

«ምን ዓይነት ነበር?» አለው አያ ጓዴ።

«ጥቁር ጎማ፣ አናቱ ላይ ቀለበት ያለው። ግቢ የገባች ቀን ዝናብ እንዳይታቆርባት ነቅዬ መስኮት ላይ አስቀምጬው ነበር።»

ክው አልኩ። ያ ጎማ! ክዳኑ የጠፋው የዘይት ጀሪካኔ አፍ ላይ ልክክ ብሎ ስንት ሳምንቱ! ዛሬ ጠዋት እንኳ ነቅዬ፣ ለሳምቡሳው ዘይት ቀድቼ፣ መልሼ ወትፌዋለሁ።

ዝም ብል ግቢዬ ተመለሰልኝ። ማንም አያውቅብኝም። ፍሪጁም ይመጣል። ዝም ልል ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ቀና ብዬ ሳየው፣ ሰውዬው በዚያ ጃኬት ውስጥ አንገቱን ደፍቶ በጣቱ ዝርዝሩን እንደገና ይቆጥራል። የቱ ላይ እንደ ሳተ ሊያገኝ ነው።

«ተነስ ወዲያ!» ጮህኩበት። ሳፍር እጮኻለሁ። «አይቼዋለሁ ብዬሃለሁ፣ አይቼዋለሁ! ያየሁት ግን ዘይት ጀሪካን ላይ ነው!»

አያ ጓዴ ሳቁ አመለጠው። «ይህማ ቅኔ ነው! ሰሙ ጀልባ፣ ወርቁ ጀሪካን!»

አብዱልሐኪም ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እና አትሸጥም?»

«እሷ ምን በወጣት!» አልኩ።

ዝርዝሩ ዛሬም በር ላይ አለ። ከሁሉ በላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ «አንደኛ፣ የሀሲናን ዘይት ጀሪካን ማየት።»